ማንም አላየኝም በይው

ፍሬአለም ቦናን ካኮረፈች ሁለት ሳምንት አልፏታል። ኩርፊያ ግን የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ አንዱ ሲያኮርፍ ሌላው ሊያባብል ይገባል። ቦና አላባበላትም። ስትደውልለት አያነሳም፤ ስትጽፍለት አንብቦ ዝም ይላል። ከአጅማን እስከ ዴራ ምን ያህል መንገድ ነው? ልቡ የፈቀደ ሰው አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ የሻርጃ መንገድ እንኳ ተጨናንቆ ቢይዘው፣ ለምሳ ይደርሳል። እሱ ግን ባሕር ተሻግሮ የሄደ ያህል ራቃት።

ፍሬአለም የምትሠራው ዓረብ አገር፣ ዴራ የሚባል ሠፈር ውስጥ፣ ለባሕር ዳርቻና ለመዋኛ ገንዳ ላይፍጋርድ፣ የዋናተኛ ጠባቂ፣ በሚያቀርብ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ነው። አዲስ አበባ በማኔጅመንት ተመርቃ ሥራ ስትፈልግ እዚህ ያመጣቻት አክስቷ ሶስና ናት። ቦና ደግሞ ዝዋይ ሐይቅ ዳር፣ አሣ አጥማጆች መሐል ያደገ ልጅ ነው። መዋኘትን የለመደው ከመሮጥ ጋር እኩል ነው። አጅማን ኮርኒሽ በሚባለው የባሕር ዳርቻ ላይ ከፍ ባለች ወንበር ተቀምጦ የሰው ነፍስ ይጠብቃል። የተዋወቁት የሥራ መታወቂያውን ሊያሳድስ ቢሮዋ የመጣ ዕለት ነው። ፎቶ ልታነሳው ካሜራውን ደግና «አትሳቅ» አለችው። ሳቁን መያዝ አቃተው። ኮስተር ብላ ልትቆጣው አሰበችና እሷም አቃታት። እነሆ ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱም በደህና ኮስተር ብለው አያውቁም ነበር።

ፍቅራቸው ግን የተደበቀ ነበር። የድርጅቱ ደንብ የሠራተኞችን ፋይል የሚይዝ ሰው ከሠራተኛ ጋር እንዳይወዳጅ ይከለክላል። ከደንቡ የምትብሰው ደግሞ ሶስና ናት። ከዴራ ጅምላ መደብሮች ልብስና ጫማ እየገዛች ወደ አገር ቤት የምትልክ፣ በድካሟ ሰው የሆነች፣ ለእህቷ ልጅ ደግሞ ከራሷ የተሻለ ኑሮ የምትመኝ ሴት ናት። አንድ ቀን ፍሬአለም «የማውቀው ልጅ ይርዳሽ» ብላ ቦናን አመጣችላት። ከባዱን ካርቶን ሁሉ ወደ ጭነት መኪናው ተሸክሞ አወጣላት። ሶስናም ደስ ብሏት ጉርሻ በእጁ አስጨበጠችው። ቦና በሁለት እጁ ተቀበለና በአክስቲቱ ትከሻ በላይ ፍሬአለምን አያት። በዓይኑ ውስጥ ቅሬታ ፈልጋ አጣች። ሳቅ ብቻ ነበር፤ ያም ይበልጥ አሳፈራት።

የኩርፊያው መነሻ አንድ ምሽት ነው።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ተቆጥቶ ነበር። አንድ አባት ልጁን ሲያስዋኝ ሞገድ ሁለቱንም ወስዶ፣ ማዕበል ለመመከት ወደተደረደረው ቋጥኝ አስጠጋቸው። ቦና ገባ። ልጁን ለጓደኛው አቀብሎ አባትየውን ሲያወጣ፣ ሞገዱ አንስቶ ከነሸክሙ ከድንጋዩ ጋር አላተመው። አባትየው ዳነ። ሱፐርቫይዘሩ አብዱራዛቅ እየሮጠ መጥቶ «ታማም?» ደህና ነህ ብሎ ጠየቀው።

«ታማም፣ አልሐምዱሊላህ» አለ ቦና።

እንግዲህ ምን ይበል? የእኛ ሰው እንዴት ነህ ሲባል ደህና ነኝ ነው የሚለው። አልጋ ላይ ተኝቶም፣ ጉሉኮስ ተሰክቶለትም ደህና ነኝ፣ ይመስገን ይላል። ጠያቂው የአገሩ ሰው ከሆነ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ደግሞ ይጠይቀዋል፤ ያኔ እውነቱ ቀስ እያለ ይወጣል። አብዱራዛቅ ግን የአገራችን ሰው አልነበረም። የሰማውን እንደሰማ ጽፎ፣ ተጎጂ የለም ብሎ ሄደ።

ፍሬአለም ለአክስቷ «ሻርጃ፣ ጓደኛዬ ቲጂ ጋ ነኝ» ብላ ዋሽታ በዚያው ምሽት አጅማን ደረሰች። ቦናን ያገኘችው ከመታጠቢያ ክፍሎቹ ጀርባ፣ በአንድ እጁ ሸሚዝ ለመልበስ ሲታገል ነው። ቀኝ እጁ አልታዘዝ ብሎታል። እጅጌውን አስገባችለት፤ ቁልፉን አንድ በአንድ ቆለፈችለት። «ሆስፒታል እንሂድ» አለችው። «ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ» አላት። ትከሻው በሸሚዙ ውስጥ ሲያብጥ እጇ ላይ ይሰማት ነበር።

ማግስቱ የዕረፍት ቀኑ ነበር፤ ተኝቶ ዋለ። በሦስተኛው ቀን ክንዱን ማንሳት ሲያቅተው ሐኪም ጋ ሄደ። የትከሻው ጅማት ተበጥሷል፣ ለወራት አይዋኝም ተባለ። ድርጅቱ ግን ራሱን ነቀነቀ። ደህና ነኝ ያልከው አንተ ነህ፤ በዕረፍት ቀንህ ከአገርህ ልጆች ጋር ኳስ ስትጫወት ወድቀህ ይሆናል አለው። ከዚያ ወዲህ ነው ቦና ስልክ ማንሳት ያቆመው።

ፍሬአለም የነገሩን ክብደት ከማንም በላይ ታውቃለች፤ እንጀራዋ ነውና። ሥራ ላይ የተጎዳ ሰው ሕጉ ከጎኑ ይቆማል። የሕክምናው ወጪ በአሠሪው ነው፤ በሚታከምበት ጊዜ ደመወዙ እንዲሁ በዋዛ አይቆረጥም፤ ተነሥተህ ሂድ አይባልም። ከሥራ ውጭ የተጎዳ ላይፍጋርድ ግን መዋኘት የማይችል ዋናተኛ ነው። ቲኬት ተቆርጦለት ይሸኛል።

«ዝም ያለኝ ጠልቶኝ ነው» ትላለች ለራሷ። «የድርጅቱ ሰው አድርጎ ቆጥሮኛል።» እንዲህ እያለች በየማታው ትራሷን ታርሳለች።

ረቡዕ ከሰዓት ሥራ አስኪያጁ ሰለሐዲን ጠረጴዛዋ ድረስ መጣ። ሽበት የወረረው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው።

«ነገ የአጅማኑ ልጅ ይመጣል» አላት። «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ ብሎ ይፈርማል። አንቺ ታስተረጉሚለታለሽ። በኋላ አልገባኝም ነበር እንዲል አልፈልግም።»

የድርጅቱ ልማድ ነው። ማንም የስንብት ወረቀት ሲፈርም በገዛ ቋንቋው ይነገረዋል። ፍሬአለም ለስንቱ አስተርጉማለች። አንዳንዱ ያለቅሳል፣ አንዳንዱ ይሳደባል፤ እሷ ስድቡን አለስልሳ ታስተላልፋለች። ለቦና እንደምታስተረጉም ግን በሕልሟም አልመጣባትም።

«ሌላ ሰው ቢያደርገውስ?» አለች።

«ሌላ አማርኛ የሚያውቅ ማን አለኝ? ሙሽኪላ፣ ችግር አለ?»

«የለም» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷን ጠላችው።

ማታ ቤት ስትገባ ሶስና ሳሎኑን በካርቶን ሞልታ ጫማ ትደረድራለች።

«እሑድ ዓብይ ለምሳ ይመጣል» አለቻት ቀና ሳትል። ዓብይ የአየር መንገድ ቴክኒሽያን ነው፤ ጨዋ ሰው፣ ሶስና አጥብቃ የምታስብለት። «ያን ሰማያዊ ቀሚስ ልበሺ። ምነው ፊትሽ ጠቆረ?»

«ሥራ ነው፣ እቴቴ።»

«ሹግል ሹግል እያልሽ ዕድሜሽን ጨረስሽው። እኔ ካርቶን ስቆጥር ነው ፀጉሬ የሸበተው። አንቺ እንደኔ አትሁኚ። ወደ ታች አትይ፤ እሺ የኔ ልጅ?»

ፍሬአለም «እሺ» አለች። ሶስና ክፉ ሴት ብትሆን ኖሮ ምንኛ በቀለላት! መልስ መስጠትም መጣላትም ይቻል ነበር። እንዲህ እየወደደች ለምትመክር ሴት ግን ምን ይባላል? ጫማዎቹን አብራት ደረደረች።

በማግስቱ ቦና ገባ። ቀኝ ክንዱን በጨርቅ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል። ከስቷል። ያ ፎቶ ሲነሳ የሳቀ ፊት አሁን እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ ከወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጠረጴዛውን ያያል። ፍሬአለም በሁለቱ መሐል፣ በጠረጴዛው አጭር ጎን በኩል ተቀመጠች።

«ንገሪው» አለ ሰለሐዲን በእንግሊዝኛ። «ድርጅቱ ስለ አገልግሎቱ ያመሰግነዋል። ቲኬቱን እንቆርጥለታለን። ሲሻለው በራችን ክፍት ነው።»

ቃል በቃል ነገረችው። «በራችን ክፍት ነው» ስትል ድምጿ ሊከዳት ቃጣ።

«ገባኝ በይው» አለ ቦና።

«ገባኝ ይላል።» ከዚያም ድምጿን ሳትለውጥ፣ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳትነቅል በአማርኛ ቀጠለች፤ «ስልኬን ለምን አታነሳም?»

ቦና ደነገጠ። «እዚህ?»

«ሌላ የት አገኝሃለሁ? ፊትህን እንዳትለውጥ፤ ያየናል።»

«ምን አለ?» አለ ሰለሐዲን።

«ቲኬቱ እስከ የት ነው ይላል።»

«እስከ አዲስ አበባ።»

«እስከ አዲስ አበባ ነው» አለችው። «ጠላኸኝ?»

«ፍሬ፣ ምን ነካሽ?» አለ ቦና ለስለስ ብሎ፣ ስለ ሻንጣ ኪሎ እንደሚጠይቅ ሰው። «አብዱራዛቅ ያን ምሽት ከአንተ ጋር ከሩቅ ያየኋት ሐበሻ ሴት ማን ናት እያለ ሲጨቀጭቀኝ ነበር። አላውቃትም አልኩት። ስልኬ በስምሽ የተሞላ ነው። የምደውልልሽን ቢደርሱበት ያንቺም ሥራ ያልቃል፣ አክስትሽም ትሰማለች። ዝም ያልኩሽ ለዚህ ነው።»

ሁለት ሳምንት ሙሉ ያኮረፈችው፣ ትራሷን ያራሰችለት፣ በሌለ ጥፋት ስትከሰው የከረመችው ይህን ሰው ነበር። እሱ እዚያ ቢድ ስፔሱ፣ በጋራ ክፍል ውስጥ በተከራያት አልጋ ላይ በአንድ ጎኑ ተኝቶ፣ ስልኩ በጠራ ቁጥር ስሟን እያየ እጁን ይሰበስብ ነበር። ሐፍረት ከእግሯ እስከ ራሷ ወረራት።

«ደግሞም» አለ ቦና፣ «ለአንቺ የሚሆን ሰው እንዳለ ሰምቻለሁ። የአየር መንገዱ። መጥፎ ሰው አይደለም ይላሉ። እኔ አንድ ክንድ ይዤ ምን ላድርግልሽ?»

«ለምሳ አክስቴ ጠራችው እንጂ እኔ ልቤን አልሰጠሁትም።»

«ረዘመ» አለ ሰለሐዲን። «ችግር አለ?»

«እያሰበበት ነው» አለች ፍሬአለም። እውነት ነበር፤ ሁለቱም እያሰቡበት ነበር።

ሰለሐዲን መነጽሩን አውልቆ ቦናን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

«አንድ ነገር ጠይቂልኝ። እኔ ሰውን በግፍ ማስወጣት አልወድም፣ ዋላሂ። ሱፐርቫይዘሩ ያን ዕለት ማታ አንዲት ሴት አብራው ቆማ አይቷል። ትከሻው ያኔውኑ ተጎድቶ ከነበረ እሷ ማየቷ አይቀርም። መጥታ ብትናገር ጉዳዩን እንደ ሥራ ላይ ጉዳት እይዘዋለሁ፤ እስኪድን ድረስም ማንም አይነካውም። ማን ናት?»

ከታች ጎዳና የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። ፍሬአለም ጥያቄውን ለቦና ማስተላለፍ ነበረባት፤ ሥራዋ ይኸው ነው። አንድም ቃል ሳትቀንስ አስተላለፈችው።

ቦና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ዓይኗን አየ። ያ አተያይ ልመና ነበር።

«ማንም አላየኝም በይው።»

«ቦና።»

«በይው። ፍሬ፣ እባክሽ። እኔ ሐይቅ ዳር ነው ያደግኩት፣ ተመልሼ ብሄድ አሣ አለ። አንቺ እዚህ ለመድረስ ስንቱን አልፈሻል። አንቺን ይዤ ከምሰምጥ ብቻዬን ብወጣ ይሻለኛል። በይው።»

«ምን ይላል?» አለ ሰለሐዲን።

ፍሬአለም ከንፈሯን ነከሰች። «ማንም አላየኝም ይላል።»

ሰለሐዲን ተነፈሰ። «ኸላስ፣ አበቃ» አለና ወረቀቱን ወደ ቦና ገፋ። ብዕሩን ከላዩ አኖረ።

ቦና በቀኝ እጁ ሊያነሳው ሞከረ። ጣቶቹ ከጨርቁ ጫፍ ወጥተው ተንቀጠቀጡና ተመለሱ። ፊቱ ላይ ያለፈውን ሕመም ለመደበቅ ጎንበስ አለ፤ ፍሬአለም ግን አየችው። ከዚያ ብዕሩን በግራ እጁ ያዘ። ገና ፊደል እንደሚለማመድ ሕፃን አጥብቆ ጨበጠው። ያ ግራ እጅ ስሙን ለመጻፍ ሲንገዳገድ ባየች ጊዜ የፍሬአለም ልብ ከዚያ በላይ አልቻለም። ደንቡ፣ ሥራዋ፣ የአክስቷ ምክር፣ ሁሉም በአንዴ ቀለሉባት።

እጇን ወረቀቱ ላይ ጫነች።

«ሚስተር ሰለሐዲን» አለች በእንግሊዝኛ። «ማንም አላየኝም ያለውን በትክክል ነው የተረጎምኩት። እሱ ግን ይዋሻል። ሴትየዋ እኔ ነኝ።»

ብዕሩ ከቦና እጅ ወደቀ። እንግሊዝኛው የባሕር ዳር እንግሊዝኛ ቢሆንም ያቺን አጭር አረፍተ ነገር ለመረዳት በቂው ነበር።

«ፍሬ!» አለ።

«ሥራ በወጣ በዚያው ምሽት ነው ያየሁት» ቀጠለች። አሁን ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። «ሸሚዙን መልበስ አቅቶት ነበር። ያለበስኩት እኔ ነኝ። ትከሻው አብጦ ነበር። ሆስፒታል እንሂድ ስለው ደህና ነኝ አለኝ፤ ለአብዱራዛቅም ያለው ይህንኑ ነው። እኛ አገር እየሞተ ያለ ሰው እንኳ ደህና ነኝ ይላል፣ ሚስተር ሰለሐዲን። ይህን እኔ አውቃለሁ። ቀድሜ መናገር ሲገባኝ ፈርቼ ዝም አልኩ።»

የሰለሐዲን ዓይን ከእሷ ወደ ቦና፣ ከቦና ወደ እሷ ተመላለሰ። ከዚያ በዓረብኛ፣ በቀጥታ ቦናን ጠየቀው። ትከሻህ አሁን እንዴት ነው አለው።

«ታማ…» አለ ቦና። ፍሬአለምን አያት። ቃሉን መልሶ ዋጠው። «ያመኛል» አለ በአማርኛ። «በጣም ያመኛል። ያን ዕለትም አሞኝ ነበር።»

ፍሬአለም እንባዋ እየወረደ ተረጎመችው። በሥራ ዘመኗ ሁሉ እንደዚያች ቃል የከበዳትም ያስደሰታትም አልነበረም።

ሰለሐዲን ወረቀቱን ስቦ ለሁለት አጠፈው። «አሁን ያልሽውን በጽሑፍ ታመጪልኛለሽ፤ ፊርማሽን አኑሪበት። የልጁ ጉዳይ እንደገና ይከፈታል፣ ሕክምናውም ይቀጥላል» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደንቡን አንቺው ነሽ ለአዲስ ሠራተኞች የምታነቢላቸው። ከዛሬ ጀምሮ የላይፍጋርዶችን ፋይል አትነኪም። ሥራሽን በተመለከተ ግን ባለቤቶቹ የሚሉትን አላውቅም። ቃል ልገባልሽ አልችልም።»

«አውቃለሁ» አለች። ደግሞም አልፈራችም፤ ራሷም ገረማት።

ከሕንፃው ወጥተው ከተማዋን ለሁለት ወደሚከፍለው የባሕር ወሽመጥ፣ ወደ ክሪኩ ወረዱ። ወደ ማዶ የምታሻግረው፣ አብራ የምትባል የእንጨት ጀልባ ተሳፋሪ ትጠብቃለች። ገቡና ጠባቧ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ጀልባዋ ስትነሳ ነው ቦና የተናገረው።

«ማን ተናገሪ አለሽ?» ተቆጥቶ ነበር፤ ቁጣው ግን በድምፁ ውስጥ ብዙ አልቆየም። «ሥራሽን ቢያስለቅቁሽስ? አክስትሽን ምን ልትያት ነው? ያ ሁሉ ድካምሽ…»

«አንተ የማታውቀውን ሰው ልታወጣ ባሕር ስትገባ ማን ግባ አለህ?»

«እሱ ሥራዬ ነው።»

«እኔም ሥራዬን ነው የሠራሁት። ማስተርጎም።»

ቦና ሊስቅ ፈለገ፤ ትከሻው አልፈቀደለትም። «ሁለት ሳምንት ሙሉ ባታውቂም አንቺን ከጉዳት ስጠብቅ ነው የከረምኩት፣ ፍሬ። ደግሞም ስትተዪኝ እንዳይከብደኝ ብዬ አስቀድሜ ተውኩሽ።»

«ያን ግን ይቅር አልልህም» አለች። «ሌላውን ሁሉ ይቅር እልሃለሁ። ልታድነኝ ብለህ ያለ እኔ የወሰንከውን አልልህም። ካሁን በኋላ ሲያምህ ንገረኝ። ስትፈራም ንገረኝ። እኔ ዳር ላይ ቆማ የምትመለከት ሰው አይደለሁም።»

«እሺ» አለ።

«ማል።»

«ዋላሂ።»

በዚህ መሐል ፍሬአለም ከፊት ለፊታቸው፣ ሁለት ትላልቅ ፌስታል ጭኗ ላይ ያስቀመጠች ሴት ትክ ብላ እንደምታያቸው ልብ አለች። ፈይዛ ናት፤ ዴራ የምትመላለስ ነጋዴ፣ የሶስና ወዳጅ። እሷ ያየችውን ሶስና ሻይዋን ሳትጨርስ እንደምትሰማው የታወቀ ነው። ቦናም አያት። ካርቶን በተሸከመበት ቀን ነበረች። ቀስ ብሎ ከፍሬአለም ራቅ አለ።

«ሰው እያየን ነው» አላት በሹክሹክታ።

«ይየን» አለች።

ፈይዛ ፌስታሏን አቅፋ ጠጋ አለች። «ፍሬዬ! የሶስና ልጅ! ምነው በሥራ ሰዓት?» ዓይኗ በታሰረው ክንድ ላይ አረፈ። «ይሄ ያ የካርቶኑ ልጅ አይደለም እንዴ? ምን ሆነ? ያንቺ ምንሽ ነው?»

ፍሬአለም መልሱን አልፈለገችውም፤ አፏ ላይ ደርሶ ይጠብቃት ነበር። ወደ ቦና፣ ወደ ደህናው ጎኑ ተጠጋች።

«የእኔ ሰው ነው፣ እትዬ ፈይዛ» አለች። «ሥራ ላይ ተጎድቶብኝ ነው።»

ቦና ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ። ስንቱን ከባሕር ሲያወጣ፣ ትከሻው ሲበጠስ፣ ቲኬትህን እንቆርጥልሃለን ሲባል ያላለቀሰ ሰው፣ በዚያች ከዳር እስከ ዳር በምታልቅ መንገድ አለቀሰ። ፍሬአለም እንባውን አልጠረገችለትም። ግራ እጁን ብቻ ያዘች፣ ፈይዛ እያየቻቸው።